ነፍሳትን በመራቢያቸው መያዝ፤ ከጅቡቲ የሚገኝ ትምህርት

ሀራሙስ በጅቡቲ ከተማ በባሕር አጠገብ ያለ፣ ኤምባሲዎችና ሰፋፊ ቪላዎች የሚገኙበት ሠፈር ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ አምቡሊ ይገኛል። አምቡሊ ዝናብ ሲጥል ብቻ ውሃ የሚወርድበት ደረቅ ወንዝ ያለበት፣ ከቀድሞ ጀምሮም የአትክልት ቦታዎች የለሙበት ሥፍራ ነው። በዚህ በአምቡሊ በግንቦት ወር 2024 ለሰሚው እንግዳ የሆነ ሥራ ተሠራ፤ ይኸውም የወባ ትንኝን ለማጥፋት በብዙ ሺህ የሚቆጠር የወባ ትንኝ ተለቀቀ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ነገር በመጀመሪያ ሲሰማ እሳትን በእሳት ለማጥፋት እንደ መሞከር ሊመስል ይችላል። የነፍሳትን አረባብ ለመረመረ ሰው ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነፍሳት ክንፍ አውጥተው ከበረሩ በኋላ እነርሱን ማሳደድ ነፋስን እንደ መከተል ያለ ድካም ነው፤ በሚፈለፈሉበት ቦታ ሳሉ ግን መሸሻ የላቸውም። ይህም እውነት ለወባ ትንኝ ብቻ የሚሠራ አይደለም። የገበሬውን በሬ በገንዲ በሽታ የሚጨርሰው የቆላ ዝንብና ሰብሉን የሚያወድመው አንበጣም የሚሸነፉት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ የሚገኘው ትምህርት ለከተማ ነዋሪም፣ ለገበሬም፣ ለአስተዳዳሪም የሚጠቅም ነው።

የውሃ በርሜል ያሳደገው ወባ

ጅቡቲ ዝናቧ እጅግ ያነሰ፣ ሙቀቷም የበረታ አገር ናት። የወባ ትንኝ፣ በሌላ ስሟ ቢምቢ፣ እንቁላሏን የምትጥለው በውሃ ላይ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ባለ ደረቅ አገር ወባ ሥር ሊሰድ አይችልም ተብሎ ይታሰብ ነበር። በእርግጥም በ2012 በአገሩ ሁሉ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ። በሽታው ፈጽሞ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ቀድሞ በአፍሪካ ቀንድ ያልታወቀች የትንኝ ዓይነት በጅቡቲ ከተማ ተገኘች። ስሟ በሳይንስ ቋንቋ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ ይባላል። የጥንት አገሯ ሕንድና አጎራባቾቿ፣ እንደዚሁም የዓረብ ልሳነ ምድር ነው። በተከታዩ ዓመት ወባ በከተማው ተነሣ፤ ከዚያም ወዲህ ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ሄዶ በ2020 የተመዘገቡት ሕሙማን 73,535 ደረሱ። የአገሩ ሕዝብ ብዛት አንድ ሚሊዮን ያህል መሆኑ ሲታሰብ የጉዳቱ መጠን ይታወቃል። ለዚህ መብዛት ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ባይባልም፣ ሊቃውንቱ የአዲሲቱን ትንኝ መምጣት ከዋነኞቹ ምክንያቶች ይቆጥሩታል።

ይህች ትንኝ ከሌሎቹ የምትለይበት ነገር አላት። በኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ ከጥንት የታወቀችው የወባ ትንኝ የምትራባው ዝናብ ካባራ በኋላ በሚቀሩ ኩሬዎች፣ በከብት ኮቴ በተጠራቀመ ውሃና በወንዝ ዳር በሚቆም ውሃ ነው። ስለዚህም ወባ የሚበረታው ከክረምቱ ማለፍ በኋላ ነው፤ ገበሬውም ያን ወራት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ስቴፈንሲ ግን ሰው ለመጠጥ፣ ለማጠቢያና ለሕንፃ ሥራ ያጠራቀመውን ንጹሕ ውሃ ትመርጣለች። ክዳን የሌለው በርሜል፣ በሲሚንቶ የተሠራ የውሃ ጉድጓድ፣ በጣሪያ ላይ የተቀመጠ ታንከር፣ የከብት ማጠጫ ገንዳ፣ ሁሉም ለእርሷ ቤት ነው።

እንግዲህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ ማለት ነው። ውሃ ባነሰ ቁጥር ሰው ውሃ ያጠራቅማል፤ ሰው ውሃ ባጠራቀመ ቁጥር ትንኟ ትራባለች። በሌላ አገር ከወባ የሚያድነው ድርቅ በዚህ ወባን የሚጠራ ሆነ። በዚህም ረገድ በሀብታምና በድኻ መካከል ልዩነት የለም። በሀራሙስ ቪላ ጣሪያ ላይ ያለ ታንከርም ሆነ በባልባላ በቆርቆሮ ቤት ደጅ የቆመ በርሜል፣ ክዳን ከሌላቸው ለትንኟ አንድ ናቸው። ትንኟም በአንዱ ግቢ ተፈልፍላ በሌላው ግቢ ትናከሳለች።

የትንኟ አረባብ

ትንኟን ለማሸነፍ አረባቧን ማወቅ ያስፈልጋል። ጀምበር ስትጠልቅ ወንዶቹ በአየር ላይ ተሰብስበው ይዞራሉ፤ እንስቲቱም ከመካከላቸው ገብታ ከአንዱ ጋር ትገናኛለች። አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ የምትገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከወንዱ የተቀበለችውን ዘር በሆዷ ውስጥ ባለች ትንሽ ከረጢት ታኖረዋለች፤ በዕድሜዋ ሙሉ ለምትጥላቸው እንቁላሎችም ከዚያው ጥቂት በጥቂት ትጠቀማለች።

እንቁላሏ ይበስልላት ዘንድ ደም ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ሰውንና ከብትን የምትናከሰው እንስቲቱ ብቻ ናት። ወንዱ አይናከስም፤ ምግቡም ከአበባና ከተክል የሚያገኘው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። እንስቲቱ ደም ከጠጣች ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ አንድ መቶ ያህል እንቁላል በውሃ ላይ ትጥላለች። ከእንቁላሉ ዕጭ ይወጣል፤ ዕጩ በውሃው ውስጥ እየዋኘ ካደገ በኋላ ወደ ሙሽሬ ይለወጣል፤ ከሙሽሬው ደግሞ ክንፍ ያላት ትንኝ ትወጣለች። በሙቅ አገር ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛው፣ በየሳምንቱ የማጠራቀሚያ ዕቃውን ደፍቶ ግድግዳውን ፈግፍጎ የሚያጥብ ሰው ትንኟ ክንፍ ከማውጣቷ በፊት ይቀድማታል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ እንስቲቱ የምትገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ያ አንድ ግንኙነት ፍሬ ቢስ እንዲሆን ቢደረግ ዕድሜዋ በሙሉ ያለ ፍሬ ያልፋል ማለት ነው።

ወንዱ ለምን ይለቀቃል

በአምቡሊ የተደረገው ሥራ የተመሠረተው በዚህ በሁለተኛው ቁም ነገር ላይ ነው። ኦክሲቴክ የተባለው የእንግሊዝ አገር ድርጅት ከጅቡቲ መንግሥትና ሙቱዋሊስ ከተባለው የአገሩ ማኅበር ጋር በመተባበር ያስለቀቃቸው ትንኞች ሁሉም ወንዶች ናቸው። የማይናከሱ በመሆናቸው ወባን አያስተላልፉም። በዘራቸው ውስጥ ግን አንድ ባሕርይ እንዲገባ ተደርጓል፤ ከዱር እንስቶች ጋር ተገናኝተው ከሚወልዷቸው መካከል እንስቶቹ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ይሞታሉ። ወንዶቹ ልጆች ግን በሕይወት ቆይተው ያንኑ ባሕርይ ለተወሰነ ትውልድ ያስተላልፋሉ። ይህ በተደጋገመ ቁጥር የሚናከሱት እንስቶች እያነሱ ይሄዳሉ።

ሐሳቡ ከዛሬ የመጣ አይደለም። ኤድዋርድ ኒፕሊንግ የተባለ አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ በከብት ቁስል ላይ እንቁላሏን እየጣለች ሥጋውን በትል የምታስበላውን ዝንብ ሲያጠና፣ እንስቲቱ የምትገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ ወንዶቹን በብዛት አርብቶ በጨረር አምክኖ መልቀቅ እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። በ1954 ኩራሳዎ በተባለችው ደሴት በተደረገው ፈተና ዝንቧ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠፋች። ከዚያም ይኸው ዘዴ ዝንቧን ከሰሜን አሜሪካና ከመካከለኛው አሜሪካ ሰፊ ግዛት አስወጥቷል። ይሁን እንጂ ጥበቃው በላላ ጊዜ ጠላት ተመልሶ እንደሚመጣ እርሷው ራሷ ምስክር ናት፤ በ2024 ሜክሲኮ ውስጥ ዳግመኛ ታይታለች።

ስለ አምቡሊው ሥራ ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች አሉ። በዘሩ ላይ የሰው እጅ የገባበት ነፍሳት ወደ ዱር ሲለቀቅ የሚያስከትለው ነገር በሚገባ ታይቷልን? ልቀቱ በተቋረጠ ጊዜ ትንኟ ብትመለስስ? ድኻ አገር ለዘወትር ከውጭ ድርጅት ጋር ታስሮ ሊኖር ነውን? የሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚገባቸው ናቸው፤ መልሱም የሚገኘው በሜዳ ላይ በሚደረግ ቆጠራ እንጂ በክርክር አይደለም። ይሁንና የሥራው ደጋፊዎችም ተቃዋሚዎችም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ። ክዳን የሌለው በርሜል በየደጁ ቆሞ ሳለ ወንድ ትንኝ ብቻ ቢለቀቅ፣ በአንድ እጅ እየቀዱ በሌላ እጅ እንደ ማፍሰስ ይሆናል።

ወደ ድሬዳዋ የወረደችው ትንኝ

የጅቡቲ ነገር በጅቡቲ አልቀረም። ስቴፈንሲ በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ከተማ መኖሯ ታወቀ። በኋላም በሌሎች የምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞችና በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በጋና ተገኝታለች። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ይህች ትንኝ ብትስፋፋ በአፍሪካ 44 ከተሞች የሚኖሩ 126 ሚሊዮን ሰዎችን ለወባ ልታጋልጥ እንደምትችል ገምቷል።

በ2022 በድሬዳዋ የሆነው ነገር ግምቱ ባዶ አለመሆኑን አሳየ። ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ከ2,400 የሚበልጡ የወባ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ከእነዚህም መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ነገሩን እንግዳ ያደረገው ወባው በደረቁ ወራት መነሣቱ ነበር። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሊቃውንት ከሌሎች ጋር ሆነው ሕሙማኑ በሚኖሩበት አካባቢ ያለውን ውሃ ሲመረምሩ፣ ስቴፈንሲን በውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ አገኙ፤ ትንኟ በተገኘችበት ቤት አካባቢም ወባ የበዛ መሆኑን አረጋገጡ። የጥናቱ ውጤት በ2023 ታትሟል።

ድሬዳዋ ከጅቡቲ ወደብ ጋር በባቡርና በመኪና መንገድ የተያያዘች ከተማ ናት። ዕቃ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ እንቁላልና ዕጭም አብሮ ሊሄድ እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ከቀድሞ የተገኘ ልምድ

ይህች ትንኝ ለአፍሪካ አዲስ ብትሆንም ለዓለም አዲስ አይደለችም፤ ድል የተነሣችበትም ጊዜ አለ። በ1911 ቻርለስ ቤንትሊ የተባለ ሐኪም ስለ ቦምቤይ ከተማ ወባ ባወጣው ጥናት፣ የበሽታው ምንጭ በየቤቱ ያሉት ጉድጓዶችና የውሃ ማጠራቀሚያዎች መሆናቸውን ገለጠ። ከዚያ በኋላ የከተማው ሹማምንት ጉድጓዶቹ እንዲደፈኑ፣ ማጠራቀሚያዎቹም ትንኝ በማያስገባ ክዳን እንዲዘጉ ማስገደድ ጀመሩ። መድኃኒቱ ከባድ ጥበብ አልነበረም፤ ክዳንና ተቆጣጣሪ ብቻ ነበር።

ከቀይ ባሕር ዳርቻም የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። በአሰብ ወደብ በ1980ዎቹ በተደረገ ሙከራ፣ አፋኒየስ ዲስፓር የተባለ በዚያው አገር የሚገኝ ትንሽ ዓሣ በውሃ ጉድጓዶችና በማጠራቀሚያዎች ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። ዓሣው የትንኝ ዕጭ እየለቀመ የሚበላ በመሆኑ የዕጩ ብዛት እጅግ ቀነሰ። በጅቡቲም በዚያው ዘመን ይኸው ዓሣ ለወባ መከላከያ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ዓሣው የአገር ተወላጅ ስለ ሆነ ሙቀቱንና የውሃውን ጨዋማነት ይችላል፤ ከባሕር ማዶ በውድ ዋጋ የሚገዛም አይደለም።

የቆላ ዝንብና የገንዲ በሽታ

ይኸው የመራቢያ ምርምር ለገበሬው ከብት ያለው ጥቅም በቆላ ዝንብ ላይ ይታያል። የቆላ ዝንብ የገንዲን በሽታ ከከብት ወደ ከብት እያስተላለፈ በሬን ያከሳል፤ ላምን ያስወርዳል፤ በመጨረሻም ይገድላል። በዚህ ምክንያት ለም የሆነ የቆላ መሬት ያለ አራሽ ይቀራል፤ በሬ የሌለው ገበሬ መሬት ቢኖረውም ሊያርሰው አይችልምና።

የዚህች ዝንብ አረባብ ከትንኝ የተለየ ነው። እንቁላል አትጥልም። አንድ ዕጭ ብቻ በማሕፀኗ ይዛ፣ ወተት በሚመስል ፈሳሽ እየመገበች አሳድጋ፣ በዘጠኝ ወይም በአሥር ቀን አንድ ጊዜ ትወልዳለች። የተወለደው ዕጭ ወዲያው አፈር ውስጥ ገብቶ ሙሽሬ ይሆናል። እንግዲህ ትንኝ በአንድ ጊዜ መቶ ስትፈለፍል የቆላ ዝንብ አንድ ብቻ ትወልዳለች። በዝግታ የሚራባ ጠላት ጥቂት መውለጃ ቢያጣ ወገኑ ቶሎ ስለሚሳሳ፣ ወንዱን አምክኖ የመልቀቁ ዘዴ በእርሷ ላይ በሚገባ ይሠራል።

በዛንዚባር በኡንጉጃ ደሴት በዚሁ ዘዴ በተሠራ ሥራ የመጨረሻዋ የቆላ ዝንብ የተያዘችው በ1996 ነው። ኢትዮጵያም በ1997 የደቡብ ስምጥ ሸለቆን ከቆላ ዝንብ ለማጽዳት ፕሮጀክት ጀመረች፤ ለዚህም ወንዶቹን ለማርባት በአዲስ አበባ በቃሊቲ የተሠራው ተቋም በ2007 ተመረቀ። ይሁን እንጂ ደሴት በባሕር የታጠረች ናት፤ ሸለቆ ግን ዝንብ ከጎን የሚገባበት በር አለው። ስለዚህ በሜዳ ላይ መሥራት ወጥመዱን፣ መድኃኒት የተነከረውን ጨርቅና የከብት መቀባቱን አስቀድሞ ማድረግን፣ ከዚያም ሳያቋርጡ መጠበቅን የሚጠይቅ ነው።

አንበጣ ከባሕር ዳር ይነሣል

ሦስተኛው ምሳሌ አንበጣ ነው። በደጋ ያለ ገበሬ አንበጣን የሚያየው ሰማዩን ሸፍኖ ሲመጣ ነው፤ አንበጣው የተወለደው ግን ከእርሻው እጅግ በራቀ አሸዋ ውስጥ ነው። ከነዚህም የመራቢያ ሥፍራዎች አንዱ በክረምት የማይዘንብበት፣ ዝናቡን ከጥቅምት በኋላ በሚመጡት የብርድ ወራት የሚያገኘው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነው። የጅቡቲ ባሕር ዳርም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል።

እንስቲቱ አንበጣ እርጥበት ያለው አሸዋ ፈልጋ ሆዷን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች አስገብታ እንቁላሏን ትቀብራለች፤ በመንጋ ያለችዋ በአንድ ጊዜ የምትቀብረው እስከ 80 ይደርሳል። በሞቀ አሸዋ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ኩብኩባ ይፈለፈላል። ኩብኩባው ክንፍ ስለሌለው ከአንድ ወር በላይ በምድር ላይ እየዘለለ ይሄዳል። መልካሙ የመከላከያ ጊዜ ይህ ነው። ምቹ ዝናብ ካገኘ አንበጣ በአንድ ትውልድ፣ ማለት በሦስት ወር ያህል፣ 20 እጥፍ ይሆናል፤ በስድስት ወር 400 እጥፍ፣ በዘጠኝ ወር 8,000 እጥፍ ይደርሳል።

በ2018 ሁለት ታላላቅ አውሎ ነፋሶች በዓረብ ልሳነ ምድር ባዶ በረሃ ላይ ዝናብ ባወረዱ ጊዜ፣ አንበጣው በዚያ ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያም በየመን አልፎ በ2019 ወደ አፍሪካ ቀንድ ተሻገረ፤ በኢትዮጵያም ከ25 ዓመት ወዲህ ያልታየ ጥፋት አደረሰ። በአውሮፕላን መድኃኒት እየተረጨ ለመከላከል ብዙ ገንዘብ ወጣ። ያ በረሃ በጊዜው ቢጎበኝ ኖሮ ወጪው በእጅጉ ባነሰ ነበር።

የአካባቢው አገሮች ይህን ቀድሞ በመረዳት በ1962 በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን አቋቁመዋል። አንበጣ ድንበር የማያውቅ ስለ ሆነ በባሕር ዳር ያለው ጠባቂ ለደጋው ገበሬ የሚሠራ መሆኑን ማንም ሊዘነጋው አይገባም።

አበባውም ስንቅ ነው

ስለ መራቢያ ሲነገር ምግብም አብሮ መታሰብ ይገባዋል። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ ምድረ በዳን አረንጓዴ ያደርጋል፣ ማገዶም ይሆናል ተብሎ ወደ አፋርና ወደ ጅቡቲ ገብቶ፣ አሁን የግጦሹን ሣር እያጠፋ መንገድና ወንዝ ዳር የሞላ ሆኗል። ዛፉ ሌላ የዛፍ አበባ በሌለበት በደረቁ ወራት ጭምር ያብባል። በማሊ በባንዲያጋራ አውራጃ መንደሮች በተደረገና በ2017 በታተመ ጥናት፣ የዚህ ዛፍ አበባ ያለበት ቅርንጫፍ በተቆረጠባቸው መንደሮች የትንኝ ብዛት ከመቶ ሰባ እጅ ያህል ቀንሷል። ትንኟ ስንቋን ከአበባው ታገኝ ነበርና።

የዛፉ የአበባ ብናኝ ደግሞ በነፋስ ሲበተን የሚያስነጥስ፣ ዐይንን የሚያሳክክና ትንፋሽን የሚያውክ መሆኑ በብዙ ደረቅ አገሮች ተረጋግጧል። ችፌ ያለባቸው አንዳንድ ሕፃናትም ብናኝ በበዛበት ወራት ማሳከኩ ይብስባቸዋል። ስለዚህ በቤት፣ በትምህርት ቤትና በውሃ ማጠራቀሚያ አጠገብ ያለውን ፕሮሶፒስ ከማበቡ በፊት መቁረጥ ለሳር፣ ለትንፋሽም ለወባ መከላከያም ይጠቅማል። ሲቆረጥም ከሥሩ ካልተነቀለ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

የጥበቃ ቦታ ምርጫ

ከእነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ የሚታየው፣ ዕውቀት የሚገኘው ጠባቂው በትክክለኛው ቦታ ሲቆም ብቻ መሆኑን ነው። የከዋክብት ተመልካቾች የመመልከቻ ቦታቸውን የሚመርጡት ደመናና የከተማ መብራት ከማይጋርደው ከፍታ ላይ ነው። በ3,200 ሜትር ከፍታ ያለው የእንጦጦ መመልከቻ በአዲስ አበባ መብራት ምክንያት ስለሚቸገር፣ በላሊበላ አካባቢ ተራሮች ላይ ሌላ ቦታ ሲጠና የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። የነፍሳት ጠባቂ ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ ብሎ ከውሃው ጠርዝ፣ ከወደቡ መጋዘን፣ ከባቡር ጣቢያው፣ ከከባድ መኪና ማቆሚያውና ከአሸዋው ላይ መቆም ይገባዋል።

ስለዚህ በወደብና በባቡር መስመር ላይ ያሉ ከተሞች ዕጭ የሚፈልግ የሠለጠነ ሠራተኛ በየጊዜው ሊኖራቸው ያስፈልጋል። ለሥራው የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም፤ ጭልፋ፣ የእጅ ባትሪ፣ የናሙና ጠርሙስና የተገኘው የሚመዘገብበት መዝገብ ነው። ሕሙማን በሆስፒታል ከበዙ በኋላ የሚመጣው ወሬ የዘገየ ወሬ ነው፤ በበርሜል ውስጥ የተገኘው ዕጭ ግን ቀድሞ የደረሰ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከእያንዳንዱ የሚጠበቅ ሥራ

የቤት ባለቤት ማጠራቀሚያውን በሚገባ ይክደን፤ ክዳን ያጣ እንደ ሆነ ቀዳዳው ጠባብ በሆነ ወንፊት ወይም ጨርቅ ይሸፍነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ደፍቶ ይጠበው። ሊደፋ የማይችል ታላቅ ታንከር ካለው ለጤና ሠራተኛ አስታውቆ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ የዕጭ ማጥፊያ ያስጨምርበት። ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ለሲሚንቶ ሥራ የቆፈረውን የውሃ ጉድጓድ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይድፈነው። ከብት አርቢው የማጠጫ ገንዳውን በየሳምንቱ አድርቆ ያጽዳ፤ ሌሊትም ከብቱ ከሚያድርበት አጠገብ ሰው ያለ አጎበር አይተኛ።

በቆላ ያለ ገበሬ አሸዋው ከዝናብ በኋላ ሲረጥብ ኩብኩባ ያየ እንደ ሆነ፣ ክንፍ እስኪያወጣ ሳይጠብቅ ለእርሻ ሠራተኛው ይንገር። ባለሥልጣን የሆነ ደግሞ በበሽታው ወራት ብቻ ሳይሆን በደኅናውም ወራት የጠባቂውን ደመወዝና የመኪናውን ነዳጅ አያቋርጥ። በ2012 በጅቡቲ 27 ሕሙማን ብቻ በነበሩ ጊዜ፣ ወባ ከእንግዲህ አያሠጋም ብሎ ማሰብ ቀላል ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ የተከፈለው ዋጋ ግን በሕሙማኑ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል።

የነፍሳት ሠራዊት የሚሸነፈው ሳይነሣ በፊት ነው። ሊቃውንቱ በአምቡሊ፣ በድሬዳዋና በቃሊቲ የመረመሩት ሁሉ መራቢያውን ያሳየናል፤ መራቢያውን የሚዘጋው ግን በየደጁ ያለው ባለቤት ነው።